ቢላ መሳል

ይህ መጣጥፍ የቢላን ስለት ስለ ማውጣት ነው። ሥዕል ስለ መሳል ለማንበብ «ሥዕል» የሚለውን ገጽ ይዩ።

ቢላ መሳል ማለት የደነዘ (የዶለዶመ) ቢላን ጠርዝ ከብረቱ በሚጠነክር ሸካራ ነገር ላይ በማሸት፣ ብረቱን ጥቂት በጥቂት ፍቆ፣ ሁለቱ ጎኖች እንደገና በአንድ ቀጭን መስመር እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ይህ መስመር ስለት ይባላል። በቤት ውስጥ ቢላ በመሳያ ድንጋይ፣ በአልማዝ ሰሌዳ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በሞረድ፣ ባለ ቀዳዳ መሳያ ውስጥ በመጎተት፣ በሚሽከረከር ጎማ፣ እንዲሁም በሲኒ ቂጥ ሊሳል ይችላል። መሣሪያዎቹ ቢለያዩም ሥራው አንድ ነው፦ ማዕዘኑን ጠብቆ ብረቱን ከሁለቱም ጎን እስከ ጠርዙ ድረስ መፋቅ፣ ከዚያም በመጨረሻ የሚቀረውን ትርፍ ጠርዝ ማስወገድ። ስለዚህ የመሣሪያው ዋጋ ብቻውን ስለቱን አይወስንም።

የቢላ ክፍሎች

ስለ አሳሳል ለመረዳት ጥቂት ቃላትን መለየት ይጠቅማል።

- ስለት፦ የሚቆርጠው ቀጭን ጠርዝ።
- ጀርባ፦ ከስለቱ በተቃራኒ ያለው ወፍራም ጠርዝ።
- ጎን፦ በጀርባና በስለት መካከል ያለው ሰፊው ገጽ።
- ተዳፋት፦ ጎኑ ወደ ስለቱ ሲቃረብ በድንገት የሚያዘቀዝቀው ጠባብ ገጽ። ሲሳል የሚፋቀው ይህ ክፍል ነው። በአብዛኛው የወጥ ቤት ቢላ ላይ ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም።
- ተረከዝ፦ ወደ እጀታው የቀረበው የስለቱ ጫፍ።
- እጀታ፦ የሚያዝበት ክፍል።

ቢላ ለምን ይደነዛል

አንድ ቢላ ስል የሚሆነው ጠርዙ ቀጭን ስለሆነ ነው። በደንብ የተሳለ ስለት ጫፉ ላይ ውፍረቱ ወደ 1 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። የሰው ጸጉር ግን ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር ገደማ ይወፍራል። ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት ስለሆነ፣ የ1 ማይክሮሜትር ጠርዝ ወደ 20 ማይክሮሜትር ቢደለብ፣ በዚያው የእጅ ኃይል ምግቡ ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ ሃያኛ እጅ ይወርዳል። ሰውየው ይህን ለማካካስ በኃይል ይጫናል።

ጠርዙ የሚበላሸው በአራት ዋና መንገዶች ነው።

1. መታጠፍ፦ ለስላሳ አረብ ብረት ከመክተፊያው ጋር ሲጋጭ ቀጭኑ ጠርዝ ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል። ብረቱ አልጠፋም፤ አቅጣጫውን ብቻ ስቷል።
2. መበላት፦ በየቀኑ ከምግብና ከመክተፊያ ጋር በመታሸት ጠርዙ ይከብባል።
3. መሸራረፍ፦ ጠንካራ ነገር ግን ተሰባሪ የሆነ ብረት አጥንት ሲነካ ወይም ሲወድቅ ከጠርዙ ትንንሽ ቁራጭ ይለቃል።
4. መዛግ፦ የሎሚ፣ የቲማቲምና የሽንኩርት ውሃ በተለይ የካርቦን አረብ ብረት ቢላ ላይ ከቆየ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚበላው ቀጭኑ ስለት ነው።

እነዚህን መለየት አስፈላጊ የሚሆነው መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ነው። የታጠፈ ጠርዝ በዘንግ ሞረድ ሊቃና ይችላል። የተበላ ወይም የተሸራረፈ ጠርዝ ግን አዲስ ብረት እስኪገኝ ድረስ ካልተፋቀ አይመለስም። ብዙ ሰው «ሞረድ መታሁት፣ ግን አልሳል አለኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ደነዝ ቢላ የሚያመጣው ችግር

ደነዝ ቢላ ከስል ቢላ ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የቲማቲም ልጣጭ ወይም የሽንኩርት ውጫዊ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ከመግባት ይልቅ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ሰውየው በኃይል እየተጫነ ስለሆነ፣ ቢላው ድንገት ሲያመልጥ ሽንኩርቱን የያዘችውን እጅ ያገኛል።

ምግቡም ይጎዳል። ሽንኩርት ዓይን የሚያስለቅሰው ሕዋሳቱ ሲሰበሩ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች ተገናኝተው የሚያቃጥል ጋዝ ስለሚፈጥሩ ነው። ደነዝ ቢላ ሕዋሳቱን ከመቁረጥ ይልቅ ስለሚጨፈልቅ ጋዙ ይበዛል። ለአንድ ድስት ወጥ ብዙ ሽንኩርት በሚከተፍበት ቤት ልዩነቱ ቶሎ ይታወቃል። የክትፎ ሥጋም በደነዝ ቢላ ሲከተፍ ጅማቱ ይጎተታል፤ ዶሮ በ12 ብልት ሲከፋፈልም መገጣጠሚያውን ለይቶ ለማለፍ ስል ጫፍ ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ስል ቢላ በራሱ ከአደጋ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በደነዝ ቢላ የለመደ እጅ አዲስ በተሳለ ቢላ በቀላሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ቢላ ከተሳለ በኋላ በቤቱ ውስጥ ለሚጠቀሙበት ሁሉ መንገር ተገቢ ነው።

ታሪክ

ስለት ማውጣት ከብረት በፊት የነበረ ሙያ ነው። በአፋር ክልል ጎና በተባለው ሥፍራ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች ወደ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሲሆን፣ የተሠሩት ድንጋይን በድንጋይ መትቶ ስል ጠርዝ በማውጣት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በኮንሶና በጋሞ አካባቢ ቆዳ ፋቂዎች የድንጋይ መፋቂያን እስከ ቅርብ ዘመን ሲጠቀሙ ቆይተዋል። መፋቂያው ሲደነዝ ጠርዙን በትንሹ መትተው ቀጭን ቅርፊት በማስለቀቅ ያድሱታል። ይህ ዘዴ ከመፋቅ ይልቅ በመስበር የሚሠራ መሳል ነው ሊባል ይችላል። በኮንሶ ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች መሆናቸው ለአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ትልቅ ትምህርት ሆኗል፤ የጥንት የድንጋይ መሣሪያ ሁሉ የወንድ እጅ ሥራ ነው የሚለውን ግምት ጥያቄ ውስጥ አስገብቷልና።

ብረት ከመጣ በኋላ የመሳያ ድንጋይ የንግድ ዕቃ ሆነ። ሮማዊው ጸሐፊ ትልቁ ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ በዘይት ከሚሠሩና በውሃ ከሚሠሩ የመሳያ ድንጋዮች መካከል ልዩነት አድርጓል። ይህ ክፍፍል እስከ ዛሬ አለ። በቤልጅየም የሚወጣው ጋርኔት ያለበት ድንጋይ፣ በአሜሪካ የአርካንሳስ ድንጋይ፣ በጃፓን ደግሞ ከኪዮቶ አካባቢ የሚቆፈሩት የውሃ ድንጋዮች የታወቁ ናቸው።

ሰው ሠራሽ መሳያዎች የተስፋፉት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን በ1891 እ.ኤ.አ. ሲሊኮን ካርባይድን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሠራ። በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ አልማዝ አመረቱ። ይህም ውሎ አድሮ የአልማዝ ሰሌዳን ተራ ሰው ሊገዛው የሚችል ዕቃ አደረገው። በመካከሉ በ1913 እ.ኤ.አ. ሃሪ ብሬርሊ በእንግሊዟ ሸፊልድ ከተማ የማይዝግ አረብ ብረት ሠራ፤ ከዚያ በኋላ የወጥ ቤት ቢላ ብረት ተለወጠ።

ሸፊልድ በሌላም ነገር ትታወሳለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ከተማ ቢላና ሹካ በደረቅ የአሸዋ ድንጋይ ጎማ ላይ የሚስሉ ሠራተኞች ከድንጋዩ በሚነሣው አቧራ ሳንባቸው እየተበላሸ በወጣትነታቸው ይሞቱ ነበር። በእርጥብ ድንጋይ የሚሠሩት ጉዳታቸው ያነሰ ነበር። ዛሬም ድንጋይን አርጥቦ መሥራት የሚመከርበት አንዱ ምክንያት አቧራውን ውሃው ስለሚይዘው ነው።

በኢትዮጵያ ቢላ፣ ካራ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠሩት በባህላዊው መንገድ ባለ እጆች (ቀጥቃጮች) ናቸው። በበዓል ዋዜማ፣ በተለይ ቅርጫ በሚገባበት ወይም በግ በሚታረድበት ቤት፣ ቢላና ካራ መሳል የዝግጅቱ አካል ነው። በእስልምናም ሆነ በአይሁድ ሃይማኖት ሥርዓት የሚያርደው ሰው ቢላውን ስል እንዲያደርግ ይጠበቅበታል።

የስለት ማዕዘን

ቢላ ሲሳል ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው ጎኑ ከድንጋዩ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ባነሰ ቁጥር ስለቱ ቀጭንና በቀላሉ የሚቆርጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ቶሎ ይታጠፋል ወይም ይሸራረፋል። ማዕዘኑ በበዛ ቁጥር ስለቱ ይበረታል፤ ግን ለመግባት ኃይል ይጠይቃል። በአንድ ጎን የተለመዱት ልኬቶች እነዚህ ናቸው።

- ወደ 15 ዲግሪ፦ ከጠንካራ ብረት የተሠሩ ቀጫጭን የጃፓን ቢላዎች
- ወደ 20 ዲግሪ፦ አብዛኛው የአውሮፓ ዓይነት የወጥ ቤት ቢላ
- ከ25 ዲግሪ በላይ፦ አጥንት የሚከሰክሱ ከባድ ቢላዎችና መጥረቢያ

ማዕዘኑን ያለ ልዩ መሣሪያ ማግኘት ይቻላል። አንድ የወረቀት ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው፤ ጎኖቹን አገናኝቶ አንድ ጊዜ ሲያጥፉት 45፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲያጥፉት 22.5 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ለተራ የወጥ ቤት ቢላ በቂ መለኪያ ነው። በስሌት ለመሥራት ደግሞ የቢላው ጀርባ ከድንጋዩ የሚነሣበት ከፍታ ከቢላው ስፋትና ከማዕዘኑ ሳይን ብዜት ጋር እኩል ነው። ለምሳሌ ከጀርባ እስከ ስለት 40 ሚሊሜትር የሚሰፋ ቢላ በ15 ዲግሪ ለመሳል ጀርባው 10.4 ሚሊሜትር ገደማ፣ በ20 ዲግሪ ለመሳል 13.7 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ቢላው 30 ሚሊሜትር ብቻ የሚሰፋ ከሆነ ለ20 ዲግሪ 10.3 ሚሊሜትር ይበቃል። ስለዚህ ለአንዱ ቢላ የተለካ ከፍታ ለሌላው አይሠራም።

ልኬቱ ራሱ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ቢዛነፍ ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው እጁ በእያንዳንዱ ምት ከፍና ዝቅ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ተዳፋቱ ይከብባል፣ ስለቱም አይወጣም።

የመሳያ ዓይነቶች

የሸካራነት ቁጥር

መሳያዎች በቁጥር ይለያሉ። ቁጥሩ ሲያንስ ቅንጣቱ ትልቅ፣ ፍቀቱም ፈጣን ነው። ከ200 እስከ 400 ያለው ሸካራ ሲሆን ለተሸራረፈ ቢላ ያገለግላል። ከ800 እስከ 1200 መካከለኛ ነው፤ ተራ የደነዘ ቢላን ለመሳል የሚውለው ይህ ነው። ከ3000 በላይ ያለው ደቃቅ ሲሆን የወጣውን ስለት ያለሰልሳል። ቁጥሩ ግን በሁሉም አገር አንድ አይደለም። በጃፓን መለኪያ 1000 የተባለ ድንጋይ ቅንጣቱ ከ11 እስከ 15 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአውሮፓ መለኪያ ፒ 1000 የተባለ ወረቀት ቅንጣት ግን ወደ 18 ማይክሮሜትር ነው።

የመሳያ ድንጋይ

አብዛኛው ሰው ሠራሽ ድንጋይ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ከሲሊኮን ካርባይድ ነው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ የመጀመሪያው 9፣ ሁለተኛው ከ9 በላይ፣ አልማዝ ደግሞ 10 ነው። የውሃ ድንጋይ በፍጥነት ይፍቃል፤ ግን ራሱም ይበላልና መሐሉ ይጎደጉዳል። የዘይት ድንጋይ ቀስ ብሎ ይፍቃል፤ ቅርጹን ግን ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ለዘይት ድንጋይ የምግብ ዘይት መጠቀም አይመከርም፤ ከጊዜ በኋላ ደርቆ እንደ ሙጫ እየሆነ ድንጋዩን ይደፍነዋል።

የአልማዝ ሰሌዳ

በብረት ሰሌዳ ላይ የተጣበቀ የአልማዝ ቅንጣት ነው። ማንኛውንም ብረት፣ የሴራሚክ ቢላንም ሳይቀር ይፍቃል፤ አይጎደጉድም፤ ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። በኃይል ከተጫኑት ግን ቅንጣቶቹ ከሰሌዳው ይነቀላሉ።

ብርጭቆ ወረቀት

በውሃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ወይም ለስላሳ ንጣፍ ቁራጭ ላይ ዘርግቶ እንደ ድንጋይ መጠቀም ይቻላል። በግንባታ ዕቃ ሱቅ በቀላሉ ይገኛል። መነሻ ወጪው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ለዘለቄታው ርካሽ ላይሆን ይችላል። ስለቱን ወደ ፊት አድርጎ መግፋት ወረቀቱን ስለሚቀድ፣ ቢላው ወደ ኋላ ብቻ ይጎተታል።

ሞረድ

በአማርኛ ሞረድ የሚለው ስም ለብረት መፋቂያው ባለ ጥርስ መሣሪያም፣ ሥጋ ቆራጮች ለሚጠቀሙበት ክብ ዘንግም ስለሚነገር ግራ ሊያጋባ ይችላል። የዘንጉ ሞረድ ዋና ሥራ የታጠፈውን ጠርዝ ማቃናት ነው፤ ብረት የሚፍቀው በጥቂቱ ነው። ሥጋ ቆራጭ በየጥቂት ደቂቃው ሞረድ የሚመታው ለዚህ ነው፤ ቢላው ሳይደነዝ በፊት ያቀናዋል። በጣም ጠንካራ የሆኑ የጃፓን ቢላዎች ግን በመስመራማ የብረት ሞረድ ላይ ሊሸራረፉ ይችላሉ። ለእነርሱ የሴራሚክ ዘንግ ይሻላል።

ባለ ቀዳዳ መሳያ

ቢላው በቪ ቅርጽ በተቀመጡ ሁለት ጠንካራ ምላጮች መካከል የሚጎተትበት ትንሽ ዕቃ ነው። ምላጮቹ በአብዛኛው ተንግስተን ካርባይድ ናቸው። ፈጣንና ችሎታ የማይጠይቅ ነው። ነገር ግን ማዕዘኑ የማይለወጥ ነው፤ ብረቱንም ከማሸት ይልቅ ስለሚገሽልጥ ስለቱ ሸካራ ይሆናል፣ ቢላውም ቶሎ ያልቃል።

የሚሽከረከር ጎማ

ግራይንደር ወይም በኤሌክትሪክ የሚዞር ድንጋይ በደቂቃ ውስጥ ብዙ ብረት ያነሣል። አደጋው ሙቀት ነው። የወጥ ቤት ቢላ በሚሠራበት ጊዜ ከጠነከረ በኋላ ከ150 እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይበርዳል። በደረቅ ጎማ ሲሳል ቀጭኑ ጠርዝ ከዚህ በላይ ከጋለ ብረቱ ይለሰልሳል። ጠርዙ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ የሚወጣ ስለት አይቆይም። ቢላን ለማሳል ወደ ገበያ የሚወስድ ሰው ሠራተኛው ቢላውን ደጋግሞ ውሃ ውስጥ መንከሩን ማየት ይኖርበታል።

የሲኒ ቂጥና የግቢ ድንጋይ

የሲኒ ወይም የሸክላ ሳህን ቂጥ ላይ ቅብ ያልነካው ሸካራ ቀለበት ይኖራል። ይህ የተተኮሰ ሸክላ ከቢላ ብረት ስለሚጠነክር ለጊዜው ስለት ያወጣል፤ ሥራው ከሴራሚክ ዘንግ ጋር ይመሳሰላል። በብዙ ቤት ደግሞ ቢላ የሚፈተገው በግቢው ድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ደረጃ ጠርዝ ላይ ነው። በሲሚንቶው ውስጥ ያለው አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ (በሞስ መለኪያ 7) ስለሆነ ብረቱን ይፍቃል። ይሁን እንጂ ቅንጣቶቹ ትላልቅና እኩል ያልሆኑ ስለሆኑ ጠርዙን ይቧጭሩታል፤ ገጹም ጠፍጣፋ ስላልሆነ ማዕዘን መጠበቅ አይቻልም።

በድንጋይ ላይ አሳሳል

1. የውሃ ድንጋይ ከሆነ አረፋ ማውጣት እስኪያቆም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ውሃ የማይመጡ ዓይነቶችን መርጨት ብቻ ይበቃል። ድንጋዩ እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል።
2. ቢላው ታጥቦ ይደርቅና ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ በብርሃን ይታያል። ስል ጠርዝ ብርሃን አይመልስም፤ የደነዘው ቦታ እንደ ነጭ መስመር ያብረቀርቃል።
3. ለጀማሪ ተዳፋቱን በማርከር መቀባት ይረዳል። ከጥቂት ምት በኋላ ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ማዕዘኑ አንሷል፤ ከጠርዙ ብቻ ከለቀቀ በዝቷል፤ እኩል ከለቀቀ ልክ ነው።
4. አንድ እጅ እጀታውን ይይዛል፤ የሌላው እጅ ሁለት ወይም ሦስት ጣቶች ጎኑ ላይ፣ ወደ ስለቱ ቀረብ ብለው ያርፋሉ። ጣት ከስለቱ አልፎ መውጣት የለበትም።
5. ቢላው ከተረከዙ ጀምሮ እስከ ጫፉ በድንጋዩ ርዝመት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይታሻል። ወደ ጫፉ ስለቱ ሲጎብጥ ማዕዘኑ እንዳይለወጥ እጀታው በትንሹ ከፍ ይላል።
6. ይህ የሚቀጥለው በተቃራኒው ጎን ከተረከዝ እስከ ጫፍ ትርፍ ጠርዝ እስኪሰማ ድረስ ነው። ትርፍ ጠርዝ ማለት ብረቱ እስከ ስለቱ መፋቁን የሚያሳይ፣ ወደ ማዶ የተገፋ እጅግ ቀጭን ብረት ነው። አውራ ጣትን ከጀርባ ወደ ስለት፣ ከቢላው ወደ ውጭ በማንሸራተት ይዳሰሳል። ጣት በስለቱ ርዝመት ፈጽሞ አይሄድም።
7. ሌላው ጎን በተመሳሳይ ሁኔታ ይሳላል።
8. ጫናው እየቀነሰ፣ ጎኖቹ እየተፈራረቁ፣ አንድ ጊዜ በዚህ አንድ ጊዜ በዚያ ይታሻል። ደቃቅ ድንጋይ ካለ ይህ እርምጃ በእርሱ ላይ ይደገማል።
9. የመጨረሻው ትርፍ ጠርዝ በቆዳ ቀበቶ ውስጠኛ ገጽ ወይም ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ጋዜጣ ላይ ይወገዳል። እዚህ ላይ ቢላው በጀርባው መሪነት ወደ ኋላ ብቻ ይጎተታል።
10. ቢላው ታጥቦ ይደርቃል።

ጀማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በ6ኛው እርምጃ ነው። «በያንዳንዱ ጎን 20 ጊዜ» የሚል ቁጥር መከተል ስለቱን አያረጋግጥም፤ አንዱ ቢላ 10 ምት፣ ሌላው 200 ሊፈልግ ይችላል። ትርፍ ጠርዝ በሙሉ ርዝመቱ ካልወጣ ጎኖቹ ገና አልተገናኙም። ከወጣ በኋላ ሳይወገድ ከቀረ ደግሞ ቢላው ለአንድ ቀን ስል መስሎ በማግስቱ ይደነዛል።

ስለቱን መፈተሽ

አንዱ መንገድ አንድ ወረቀት በአንድ እጅ አንጠልጥሎ መቁረጥ ነው። ቢላው በአንድ ቦታ ከተያዘ ወይም ወረቀቱን ከቀደደ እዚያ ላይ ትርፍ ጠርዝ ወይም የደነዘ ቦታ አለ። ሁለተኛው በቲማቲም መፈተን ነው፤ ስል ቢላ በራሱ ክብደት ብቻ ሲጎተት ልጣጩን ያልፋል። ስለትን በጣት ርዝመት ወይም በምላስ መፈተሽ አደገኛ ነው።

የትኛው ዘዴ ለማን

- አንድ ወይም ሁለት ተራ የማይዝግ ቢላ ላለው ቤት፦ አንድ 1000 ቁጥር ድንጋይ ወይም መካከለኛ የአልማዝ ሰሌዳ ይበቃል። ከዚህ በላይ ያለው ደቃቅ ድንጋይ ቅንጦት ነው። ቲማቲምና ሥጋ ለመቁረጥ ጥቂት ሸካራነት የቀረበት ስለት በጣም ከተለሰለሰ ስለት የተሻለ ይይዛል።
- ገንዘብ ለሌለው ተማሪ፦ ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ። ትምህርቱ ከድንጋይ ጋር አንድ ነው።
- ጊዜና ትዕግሥት ለሌለው፦ ባለ ቀዳዳ መሳያ ከደነዝ ቢላ ይሻላል፤ ነገር ግን ርካሽ ቢላ ላይ ብቻ።
- ውድና ጠንካራ ቢላ ላለው፦ የውሃ ድንጋይ። ባለ ቀዳዳ መሳያና መስመራማ የብረት ሞረድ አይመከሩም።
- በየቀኑ ብዙ ለሚቆርጥ፦ ድንጋይ በየጥቂት ሳምንቱ፣ ዘንግ ሞረድ ደግሞ በየዕለቱ።
- ለተሸራረፈ ቢላ፦ ከ200 እስከ 400 ቁጥር ያለው ሸካራ ድንጋይ፣ ከዚያ መካከለኛ።
- ለባለ መጋዝ ጥርስ የዳቦ ቢላ፦ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጥርሱን ስለሚያጠፋ፣ እያንዳንዱ ጥርስ በቀጭን ክብ ዘንግ ለብቻው ይሳላል።

በጥቅሉ ሲታይ ለአብዛኛው ቤት የሚመረጠው አንድ መካከለኛ ድንጋይ ነው። ለመልመድ ጥቂት ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንኛውንም ቀጥ ያለ ስለት፣ ከቢላ እስከ መጥረቢያ፣ በአንድ ዕቃ መሳል ይቻላል፤ የሚባክነው ብረትም ጥቂት ነው። ልምምዱ ርካሽ በሆነ ቢላ ቢጀመር ይመረጣል።

ስለቱን ማቆየት

የተሳለ ቢላ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ከአሳሳሉ ባልተናነሰ አያያዙ ነው። እንጨትና ፕላስቲክ መክተፊያ ለስለቱ ተስማሚ ናቸው፤ መስታወት፣ እምነበረድና የሸክላ ሳህን ግን ጠርዙን ወዲያው ያጥፉታል። የተከተፈውን ከመክተፊያው ላይ ለመሰብሰብ ስለቱን ከመጠቀም ይልቅ ጀርባውን መጠቀም ይሻላል። ቢላን ከማንኪያና ሹካ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ መወርወር ጠርዙን ከማበላሸቱም በላይ እጅ ይቆርጣል። ቆርቆሮ መክፈትና አጥንት መስበር የቢላ ሥራ አይደለም።

ድንጋዩም እንክብካቤ ይፈልጋል። መሐሉ የጎደጎደ ድንጋይ ቀጥ ያለ ስለት ሊያወጣ አይችልም። ገጹ ላይ በእርሳስ መስመሮች ይሰመሩና፣ ድንጋዩ መስታወት ላይ በተዘረጋ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ይታሻል፤ መስመሮቹ ሁሉ ሲጠፉ ድንጋዩ ጠፍጣፋ ሆኗል።

ጥንቃቄ

ሲሳል ሕፃናት ከአጠገብ መራቅ አለባቸው። የሚወድቅ ቢላን ለመያዝ መሞከር አይገባም፤ እግርን አሽሽቶ መልቀቅ ይሻላል። የተሳለ ቢላ በአረፋ ውሃ ውስጥ ከሌላ ዕቃ ጋር መዘፍዘፍ የለበትም፤ የሚያጥበው ሰው አያየውምና። ከተሳለ በኋላ በቢላው ላይ የሚቀረው ጥቁር ውሃ የብረትና የድንጋይ ዱቄት ስለሆነ፣ ምግብ ከመንካቱ በፊት በሳሙና መታጠብ አለበት።

ደግሞ ይዩ፦ አረብ ብረት፣ የሞስ መለኪያ፣ ቢላ፣ ሞረድ፣ አልማዝ